ትልቅ ውሻ በጠባብ ኮንዶሚኒየም፦ ከቤቱ ስፋት ይልቅ የቀኑ አዋዋል

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ፣ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንድ መኝታ ቤት ከእህቴ ጋር እኖራለሁ። ወንድማችን ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ቦቢ የሚባለውን የ14 ወር ወንድ ጀርመን ሸፐርድ ትቶልን ሄደ፤ አሁን 34 ኪሎ ደርሷል። ሥራ ስንሄድ ቤት እንዳያበላሽ በረንዳ ላይ እናስረዋለን፤ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል። ቤት ውስጥ በተውነው ቀን ደግሞ የሶፋውን ስፖንጅ ዘርግፎ ጠበቀን፤ ስንገባ አንገቱን ደፍቶ ጥግ መያዙ ጥፋቱን እንደሚያውቅ ያሳያል። ጉልበቱ እንዲወጣለት ማታ ማታ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለአንድ ሰዓት ኳስ አስሮጠዋለሁ፤ ሲመለስ ግን ጭራሽ ይብስበታል። የሚበላው እኛ ከምንበላው ነው። ጎረቤቶች ለማኅበሩ አመልክተዋል። ፀጉሩን ላስላጨው? ላኮላሸው? ወይስ ግቢ ላለው ሰው ልስጠው?»

ምላሽ፦

ቦቢን ዛሬውኑ ከበረንዳው ያስገቡት። የቀረው ሁሉ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል፤ ይህ ግን ለነገ የሚያድር ጉዳይ አይደለም። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልብም፤ ጥቂት ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ሥር ብቻ ሲሆን ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስወጣው በማለክለክ፣ ማለትም የምላሱንና የአፉን እርጥበት በትንፋሽ በማትነን ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 41 ሲያልፍ አንጀቱ፣ ኩላሊቱ፣ ጉበቱና አንጎሉ መጎዳት ይጀምራሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ይህም በጥላ ሥር የሚለካው ነው። የሲሚንቶ በረንዳ ላይ ከአናት ከሚመታው ፀሐይ ሌላ ወለሉና ግድግዳው የዋጡት ሙቀት ተመልሶ ይወጣል፤ የታሰረ እንስሳ ደግሞ ጥላው ሲዞር አብሮ መዞር አይችልም።

አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባጃጅ ተጭኖ የመጣልኝ ውሻ ከዓይኔ አይጠፋም። ድዱ እንደ ሸክላ ቀልቷል፣ ምራቁ ወፍሮ እንደ ክር ይጎተታል፣ የኋላ እግሮቹ አልሸከም ብለውታል፤ ቴርሞሜትሩ 41.9 አሳየ። ባለቤቱ ግድየለሽ ሰው አልነበረም፤ ውሃ በጣሳ ሞልቶ አስቀምጦለት ነበር የሄደው። ነገር ግን ገመዱ ከበረንዳው ብረት ጋር ተጠማጥሞ ከጣሳው አንድ ክንድ ያህል አስቀረው። ግሉኮስ ተሰቅሎለት አደረ፣ በማግስቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ባጃጅ ከመጥራትዎ በፊት ማቀዝቀዙ ይቅደም፤ በሆዱ፣ በብብቱና በአንገቱ ላይ ውሃ ያለማቋረጥ እያፈሰሱ በቬንቲሌተር ያናፍሱት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ቀትር ላይ ከጣሪያ ሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ትኩስ ስለሆነ ቤት ውስጥ በጄሪካን የተቀመጠውን ይጠቀሙ። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ራሱን እየሳተ ላለ ውሻም በግድ ውሃ አያጠጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ትልቅ ውሻ ሰፊ ግቢ ካላገኘ ደስተኛ አይሆንም የሚለው እምነት በከተማችን ሥር የሰደደ ነው፤ እኔ ግን በሥራዬ የማየው ሌላ ነው። ውሻ አንድን ግቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ አሽትቶ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በር በሩን እያየ ሰው መጠበቅ ነው ሥራው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ባለባቸው ሰፋፊ ግቢዎች ለክትባት ስገባ፣ ከግንዱ ዙሪያ ሣር የማይበቅልበት ክብ መሬት አያለሁ፤ ልኩ የሰንሰለቱ ልክ ነው። የዚያ ውሻ ዓለም ከእናንተ ሳሎን አይሰፋም። በሌላ በኩል ከውሾች ሁሉ ፈጣኑ ግሬይሀውንድ፣ በቀን ጥቂት ከወጣ፣ ፎቅ ቤት ውስጥ ከሚኖሩ ውሾች ሁሉ ጸጥተኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትልቅነትና ቦታ መፈለግ አንድ አይደሉም። መታየት ያለበት ውሻው ለምን ሥራ ተዳቀለ የሚለው ነው።

ጀርመን ሸፐርድ የእረኛ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ መኮንን ዝርያውን በመዝገብ ማስፈር ሲጀምር የፈለገው፣ አጥር በሌለው ግጦሽ ዳር ዳሩን ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ በጎቹ ወደ ሰው ማሳ እንዳይገቡ የሚጠብቅ፣ ዓይኑንና ጆሮውን ግን ከእረኛው የማይነቅል እንስሳ ነበር። ስለዚህ ቦቢ የተፈጠረው ለሁለት ነገር ነው፦ ለረጅም፣ ዝግ ላለ እንቅስቃሴና ከአንድ ሰው ጋር ለሚሠራ ሥራ። አሁን ባለው አዋዋሉ ሁለቱም የሉም። አሥር ሰዓት ታስሮ ይውላል፣ አንድ ሰዓት እንደ አበደ ይሮጣል።

ኳሱም ያላረጋጋው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋግሞ የሚወረወር ኳስ በየውርወራው ውሻውን እንደ አደን ያነሣሣዋል፤ ልቡ ይመታል፣ ደሙ ይሞቃል፣ ይህ መነሣሣት ቤት በገባ ቅጽበት የሚበርድ አይደለም። በዚያ ላይ በየማታው ለአንድ ሰዓት የሚሮጥ ወጣት ውሻ በሁለት ወር ውስጥ አትሌት ይሆናል፤ ትናንት ያደከመው ሩጫ ዛሬ ማሟሟቂያው ነው። የ14 ወር ትልቅ ውሻ አጥንቱና መገጣጠሚያው ገና መጽናታቸው በመሆኑ፣ በአሸዋ ላይ ድንገት እየቆመና እየተጠመዘዘ መሮጡ ለዳሌው ጥሩ አይደለም፤ ይህ ዝርያ ደግሞ በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የታወቀ ነው። ደቻቱን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር፤ በክረምት ጨርሶ አይውረዱ። ከደንገጎ በኩል ያሉት ተራሮች ላይ የጣለ ዝናብ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ይኸው ወንዝ ነው።

አንገቱን ደፍቶ ጥግ መያዙን ጥፋቱን ማወቁ አድርገው ተርጉመውታል። ይህ አተረጓጎም ብዙ ውሾችን ያለ ጥፋታቸው አስደብድቧል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ያ «የጥፋተኛ ፊት» የሚታየው ውሻው ስላጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ሲቆጣው እንደሆነ አሳይታለች፤ ምንም ያላጠፋውም ሲቆጡት ያንኑ ፊት ያሳያል። ቦቢ በሩ ሲከፈት የሚያነበው የእርስዎን አረማመድና አተነፋፈስ ነው። ከአራት ሰዓት በፊት ከቀደደው ስፖንጅ ጋር አሁን የሚሰማውን ቁጣ አያያይዘውም፤ የሚማረው የእርስዎ መምጣት አስፈሪ መሆኑን ብቻ ነው።

የሶፋው ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል፤ ሳይለዩ መፍትሔ መስጠት አይቻልም። አሮጌ ስልክ መደርደሪያ ላይ አቁመው እየቀረጸ ትተውት ይውጡ። በወጡ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሩን የሚቧጭር፣ የሚያለከልክ፣ ምራቁን የሚያዝረበርብና የሚያላዝን ከሆነ ችግሩ ብቻውን የመቅረት ጭንቀት ነው። ተኝቶ ቆይቶ፣ ተነሥቶ ተንጠራርቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ወደ ሶፋው የሚሄድ ከሆነ ግን ሥራ ፈትነት ነው፤ ከጻፉልኝ በመነሣት የምገምተው ይህንኛውን ነው። የመጀመሪያው ከሆነ መለየትን ከሁለት ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ ከባድ ከሆነም የሐኪም ክትትልና መድኃኒት ይጠይቃል። ከሰው ፋርማሲ የማረጋጊያ እንክብል ገዝተው ግን አይስጡት፤ መጠኑን አለማወቅ ይገድላል።

በረንዳው ላይ የሚጮኸውም ተበሳጭቶ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በታች ያልፋል፣ ቦቢ ይጮኻል፣ ሰውየው ይሄዳል። ሰውየው መንገዱን ነው የሄደው፤ በቦቢ ሒሳብ ግን በጩኸቱ አባረረው። ይህ በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ሥር ይይዛል። ወደ ውስጥ ሲያስገቡት የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል በመጋረጃ ይሸፍኑ።

አዋዋሉን እንዲህ እንድትለውጡት እመክራለሁ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝ እንዳለ፣ አንዳችሁ ለአንድ ሰዓት ይዛችሁት ውጡ። ሩጫ አይደለም፤ አምስት ሜትር በሚሆን ገመድ፣ ማሽተት የፈለገውን እያሸተተ የሚሄድበት ዝግ ያለ ጉዞ ነው። ሰው በአፍንጫው ውስጥ ሽታ የሚለዩ ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ሕዋሳት ሲኖሩት ውሻ እስከ 300 ሚሊዮን ይኖሩታል፤ አንድ የመብራት እንጨት ሥር ለሁለት ደቂቃ ሲቆም ማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንዳለፈ እያነበበ ነውና አይጎትቱት። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ከተማው ዳር ግን አይሂዱ፤ ጅብ አለ፣ በመንጋ የሚዞሩ ባለቤት አልባ ውሾችም አሉ። ቀትር ላይ ከተማው ሱቁን ዘግቶ የሚያርፍበትን ሰዓት ቦቢም ይረፍበት፤ ለምሳ ስትመለሱ ለመጸዳዳት ያህል ጥላ ጥላውን አሥር ደቂቃ አውርዱት፣ ይበቃዋል። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለሰባት ሰከንድ አሳርፈው ካላቃጠለዎት፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይሂድ። ቀኑን በዛፍ ጥላ የዋሉት የከዚራ ጎዳናዎች ከሌላው ቀድመው ይበርዳሉ። ኳሱን ሙሉ በሙሉ መከልከል አያስፈልግም፤ አምስት ውርወራ፣ በየመሐሉ ተቀምጦ እንዲጠብቅ እያደረጉ፣ ከዚያ እያሸተተ ወደ ቤት።

እውነተኛው ድካም የሚመጣው ግን ከምግቡ ነው። ምግቡን በሳህን መስጠት ይተዉ። መጀመሪያ ቦቢን መኝታ ቤት ዘግተውበት፣ አሥር ያህል ትንንሽ የተቀቀለ ሥጋ ቁራጮችን ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጡ፤ አንዱን ከወንበር እግር ሥር፣ አንዱን ከምንጣፉ ጠርዝ በታች፣ አንዱን ከጫማ ውስጥ። ከዚያ በሩን ከፍተው «ፈልግ» ይበሉት። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሮጣል፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ ግን አንድ ነገር ያያሉ። እርምጃው ዝግ ይላል፣ አንገቱ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ አፉ ይዘጋል፣ ትንፋሹ ወደ አጫጭር ፈጣን ምጎች ይለወጣል፤ ሽታውን አልፎት ከሄደ ራሱን እንደ ተጎተተ ድንገት ይመልሳል። አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲህ ከሠራ በኋላ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ በረጅሙ ሲተነፍስ ይሰማሉ። ደቻቱ አሸዋ ላይ በአንድ ሰዓት ሩጫ ሲፈልጉት የነበረው ትንፋሽ ይህ ነው። ሥራ ስትሄዱ ደግሞ ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ ሁለት ሦስት ቦታ በስታችሁ ደረቅ ዳቦ ሞልታችሁ ተዉለት፤ ክዳኑንና የአንገቱን ቀለበት አስቀድማችሁ አውጡ፣ መጀመሪያም አጠገቡ ሆናችሁ ላስቲኩን የሚውጥ አለመሆኑን አረጋግጡ። ከበላ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከሩጫና ከዝላይ ይቆጠብ፤ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፣ ይህም በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው።

ማረፍም የሚማሩት ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ይህን አያስተምርም። አንድ ቁራጭ ሰሌን ቬንቲሌተሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያንጥፉ፤ ቦቢ በራሱ ፈቃድ ሲተኛበት ባዩት ቁጥር፣ ሳያመሰግኑና ሳያስነሡት፣ አንድ ቁራጭ ምግብ ከፊቱ ያኑሩለት። ከሳምንት በኋላ «ቦታህ» ብለው ስም ይስጡት። አዋቂ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል፤ ይህን ያህል የሚተኛ እንስሳ ሰፊ ቤት ይፈልጋል ማለት ያስቸግራል።

እኛ ከምንበላው ይበላል ያሉት ወጥን የሚጨምር ከሆነ ያቁሙ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሽ አካሉ ሽንኩርት ነው። በአንድ ጊዜ ባይታይም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሰጥ ደም ማነስ ያመጣል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ካሮትና እንቁላል ይሻለዋል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከቅርጫ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበት በተለይ አይስጡት፤ ውሃ ቋጥሮ የሚታየው እብጠት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው፣ ውሻው ከበላው የትሉ እንቁላል በፀጉሩ ላይ ይዞራል፣ ሰው ላይ ሲደርስ በጉበትና በሳንባ ውስጥ ተመሳሳይ ቋት ይሠራል። በጠባብ ቤት አብሮ መኖር ይህን አደጋ ከፍ ያደርገዋልና በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይውሰድ።

ፀጉሩን አያስላጩት። ሁለት ድርብ የሆነው ፀጉሩ ከፀሐይም ይከልለዋል፤ የውስጡን ለስላሳ ፀጉር በየሁለት ቀኑ በብሩሽ ማውጣት ነው የሚያቀዘቅዘው። ማኮላሸትን በተመለከተ፣ መጥፋትን፣ ሽንት እየረጩ ድንበር ማበጀትንና ሴት ፍለጋን ይቀንሳል፤ ጩኸትንና ሶፋ መቅደድን አይቀንስም። ይህን ዝርያ ቀድሞ ማኮላሸት የመገጣጠሚያ ችግርን እንደሚያበዛ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተደረጉ ጥናቶች ስላሳዩ፣ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይቆይ።

ጎረቤቶቻችሁ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ የቦቢን ዕጣ የሚወስኑት ምናልባት እነሱ ናቸውና። በማለዳ ደረጃ ስትወርዱ የምታገኙት ሰው ከሱብሒ ሶላት የሚመለስ ወይም ውዱእ (የሶላት መታጠብ) አድርጎ የሚሄድ ነው። በከተማችን በሰፊው የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት) የውሻን ምራቅና እርጥብ አካል እንደ ነጃሳ (ርኩስ) ስለሚቆጥር፣ ቦቢ በፍቅር የላሰው እጅና የነካው ልብስ ለባለቤቱ እንደገና መታጠብ፣ ምናልባትም ሶላቱ መዘግየት ማለት ነው። ስለዚህ በደረጃ ላይ ገመዱን አሳጥረው በግድግዳው በኩል ይያዙት፤ ሰው ሲመጣ ማረፊያው ላይ ቆመው ያሳልፉ። ሲያለከልክ አፉን መክፈት የሚችልበት፣ እንደ ቅርጫት የተሠራ የአፍ መከለያ ያልምዱት። አዛን ሲጠራ የሚያላዝን ከሆነም ጎረቤት እንደ ሟርት ያየዋል፤ ውሻው የተዘረጋ ድምፅ ሲሰማ እንደ ወገኑ ጥሪ መመለሱ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም፣ በዚያ ሰዓት «ፈልግ» የሚለውን ጨዋታ ያስጀምሩት። የየዓመቱን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ለማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ቅጂ ይስጡ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሕንፃው ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ ውሻን የሚመለከት አንቀጽ እንዳለ ሳያነቡ ክርክር አይግጠሙ። ቦቢ ሰው ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፣ የተከተበም ቢሆን፣ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ታጥቦ ሰውየው የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ልስጠው ወይ ላሉት፣ አሁን አይስጡት ነው መልሴ። ከላይ ያልሁትን ስምንት ሳምንት ሳያቋርጡ ይሞክሩ። ሆኖም እርስዎና እህትዎ ተደምራችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ማውጣት የማትችሉ ከሆነ፣ ዕድሜውም እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት ድረስ ሙሉ ለሙሉ አይረጋጋምና፣ ያኔ ሌላ ቤት መፈለግ ለቦቢ ፍትሕ ነው። እንደ ሐረርና ሐረማያ ያለ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም በቅርብ ይገኛል። ለሚወስደው ሰው የግቢውን ስፋት አይጠይቁ፤ ጠዋት ማን ይዞት እንደሚወጣ፣ ቀን የት እንደሚውል፣ ሌሊት የት እንደሚተኛ ይጠይቁ። መልሱ «በር ላይ ይታሰራል» ከሆነ፣ ቦቢን ይዘው ይመለሱ።